ሳይታወቀን እንዳንወሰድ

በጋምቤላ ለአገልጋይ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ትምህርታችን ከአለማመንና ከመንፈሳዊ መዘናጋት ራስንና ወንድምን ስለ መጠበቅ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በላከው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ የሰማነውን ቃል አጥብቀን ካልያዝነው ልንወሰድ እንደምንችል ያስጠነቅቀናል። መወሰድ ምን ማለት እንደ ሆነ በባሮ ዳር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያሻም። በክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲወርድ ያልታሰረ ታንኳ ማንም ሳይገፋው ይሄዳል። ድምፅ አያሰማም፤ ከምንም ጋር አይጋጭም። ባለቤቱ ዘወር ብሎ ሲመለከት ግን ካቆመበት ቦታ አያገኘውም።

ክርስቲያንም ከእምነቱ የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ተከራክሮ፣ ተሟግቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አላምንም» ብሎ የሚወጣ ጥቂት ነው። ብዙው አንድ እሑድ ይቀራል፤ ከዚያ ሁለት ይደግማል። የንስሐ አባቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው መቼ እንደ ነበር ይረሳል። ጾሙ ሲገባ «ዘንድሮስ ሥራ በዛብኝ» ይላል። ቅዱስ ጴጥሮስ እንኳ ጌታውን ከመካዱ በፊት በሩቅ ሆኖ ይከተለው እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። በቃል መካዱ የታየው በእሳቱ ዳር ነው፤ ርቀቱ ግን ከዚያ አስቀድሞ በመንገድ ላይ ተጀምሮ ነበር። እንግዲህ አለማመንን በክሕደቱ ቀን ለማስቆም የሚጥር ሰው ዘግይቷል ማለት ነው።

ሐዋርያው በዚሁ መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ፣ ከሕያው እግዚአብሔር የሚለይ የማያምን ልብ በማናችንም እንዳይገኝ ተጠንቀቁ ካለ በኋላ የጥንቃቄውን መንገድ ወዲያው ያመለክታል። «ዛሬ» የተባለው ቀን ሳያልፍ፣ በየዕለቱ እርስ በርስ እንድንመካከር ያዝዛል። ትእዛዙ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ ልብ እንበል። የአንዱ ልብ እንዳይደነድን የሚጠየቀው ጉባኤው ነው። ማንም የራሱን ልብ ብቻውን ጠብቆ አይዘልቅምና፣ ወንድሙ በሌለበት ቀን «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ጠያቂ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ለማየት ከዚህ ባሮን ተከትለን እንውረድ። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል፤ ነጭ ዓባይም ወደ ካርቱም ይወርዳል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀዱ በኋላ፣ በክረምት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡናም በዚሁ መንገድ ይወጣ ነበር። ይህች ከተማ ያደገችው በዚያ ንግድ ነው። መርከቦቹ ከሚነሡበት ከካርቱም ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ሶባ የተባለች ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ሶባ አልዋ ትባል የነበረች የክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች።

የኑብያ ክርስቲያን መንግሥታት ሦስት ነበሩ፤ ኖባድያ፣ ማኩርያና አልዋ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ተቀበሉ፤ ኋላም እንደ እኛው ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ይላክላቸው ነበር። ከዘጠኝ መቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ በክርስትና ኖረዋል። ቅዱሳት መጻሕፍትን በገዛ ቋንቋቸው ጽፈዋል፤ አብያተ ክርስቲያናቸውን በሥዕል አስጊጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ከመሸፈኑ በፊት፣ የፖላንድ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ፋራስ በተባለ ስፍራ በአሸዋ የተቀበረ ካቴድራል አግኝተው ነበር። በግድግዳው ላይ የመላእክት፣ የቅዱሳንና የጳጳሳት ሥዕላት ቀለማቸው ሳይጠፋ ተገኝተዋል። ዛሬ ከፊሎቹ በዋርሶ፣ ከፊሎቹ በካርቱም ቤተ መዘክር ሆነዋል። ሥዕሉ ቆየ፤ በሥዕሉ ፊት የሚጸልየው ሕዝብ ግን አልቆየም።

ይህ ሕዝብ እንዴት ጠፋ? ጦርነት ነበረ፤ የመንግሥት መለዋወጥም ነበረ። ይህንን የማነሣው የሌላውን ሃይማኖት ለመንቀፍ አይደለም፤ ዛሬ በዚያ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ናቸውና። ነገር ግን በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውንና የሰማውን ጽፎልናል። ከኑብያ ስድስት መልእክተኞች ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መጡ። ካህናትና መነኮሳት ተልከውላቸው እንዲያስተምሯቸው ለመኑ። ጳጳሳቸው ከሞተ ረጅም ዘመን እንዳለፈ፣ በጦርነቱ ምክንያት ሌላ ማግኘት እንዳልቻሉ፣ ካህናቱም እያለቁ ክርስትናው ከእጃቸው እንደ ወጣ ተናገሩ። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ገና ቆመው ነበር። አልቫሬዝ አገሩን ከሚያውቅ ሰው እንደ ሰማው፣ 150 የሚያህሉ በመስቀልና በእመቤታችን ሥዕል የተጌጡ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ነበሩ።

ንጉሡ ምን መለሱ? እኔም ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነውና፣ ሌላ የሚሰጠኝን እኔ ለሌላ እንዴት እሰጣለሁ የሚል መልስ ሰጡ። መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አባቶቼና ወንድሞቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው፣ ሕንፃ ብቻውን እምነትን አይጠብቅም። አንድ መቶ ሃምሳ ሕንፃ ቆሞ ሳለ ሕዝቡ ተወስዷል። በየአጥቢያችን ለሕንፃ ገንዘብ ስናሰባስብ ደስ ይለናል፤ መልካም ሥራም ነው። ነገር ግን ለጣሪያው ቆርቆሮ የተቆጠረውን ያህል የጠፉ ነፍሳት ካልተቆጠሩ፣ ልጆቻችን የሚወርሱት የፋራስን ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው፣ የዐፄ ልብነ ድንግል መልስ በዘመኑ እውነት ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ጳጳስ የሚሾም እጅ አልነበረንምና። ዛሬ ግን ያ መልስ ለእኛ አይሠራም። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ፓትርያርክ አላት፤ ጳጳሳትን ትሾማለች፤ ካህናትንና ዲያቆናትን ታሠማራለች። ዛሬ ካህን የሚለምን ሕዝብ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ ምክንያቱ ሥልጣን ማጣት ሊሆን አይችልም። ታዲያ በእኛ ክልል ዛሬ የሚለምነን ማን ነው?

በመጀመሪያ ከሌላ ስፍራ የመጣው ምእመን ነው። ጋምቤላ የእንግዶች አገር ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተነሣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሌላም አካባቢ በሠፈራ የመጡ ቤተሰቦች ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ከእነርሱ ሌላ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ የእርሻ ሠራተኛው፣ በዲማ ወርቅ የሚቆፍረው ወጣት አለ። ይህ ሰው በአገሩ ሳለ በብዙ ገመድ የታሰረ ነበር። እናቱ ጾሙን ታስታውሰዋለች፤ የንስሐ አባቱ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ማኅበረ ጽዋው ቀን ይቆጥርለታል፤ የአጥቢያው ደወል ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ወደ ቆላ ሲወርድ እነዚህ ሁሉ ገመዶች በአንድ ቀን ይፈታሉ። እርሱም «እዚህ ያለሁት ለጊዜው ነው፤ አገሬ ስመለስ እጾማለሁ፤ አገሬ ስመለስ ንስሐ እገባለሁ» ይላል። ለጊዜው ያለው ነገር አሥር ዓመት ይሆናል። «ስመለስ» የሚለው ቃል ከክሕደት ይልቅ ብዙ ሰው ወስዷል፤ ሐዋርያው «ዛሬ» ያለውን ቀን «ነገ» ያደርገዋልና።

ሁለተኛው የዚህ ምድር ልጅ ነው። የአኝዋሃ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ወገኖቻችን ቤተ ክርስቲያን መጥተው የሚሰሙት በማያውቁት ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ ከመጡ በኋላ መራቃቸው ለምን ያስደንቀናል? በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ በገዛ ቋንቋው ሰምቷል። የግእዙና የዜማው ክብር እንዳለ ሆኖ፣ ትምህርቱና ምክሩ፣ ኑዛዜውም ልብ በሚያውቀው ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ኀጢአቱን በአስተርጓሚ የሚናዘዝ ሰው ግማሹን ይዞ ይመለሳል። አንድ የኑዌር ወይም የአኝዋሃ ወጣት «ይህች የደገኞች ቤተ ክርስቲያን ናት» ብሎ ካሰበ፣ ተወሰደ የሚባለው እርሱ ብቻ አይደለም። ለአሕዛብ ሁሉ የተላከውን ቃል ለአንድ ወገን ብቻ ያስቀረን እኛም ከመልሕቃችን ተፈትተናል።

ሦስተኛው የቆሰለው ሰው ነው። በዚህ ክልል ስለ እምነት ስንናገር ስለ ኀዘን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በዚህች ከተማ የአኝዋሃ ወገኖቻችን ደም ፈስሷል። በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ታጣቂዎች ከድንበር ማዶ ገብተው በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናትንም ወስደዋል። ከ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው እጅግ ብዙ ስደተኞች በመጠለያ ጣቢያዎች ይኖራሉ። ልጇን የተነጠቀች እናት «እግዚአብሔር የት ነበረ?» ብላ ብትጠይቅ ይህ ክሕደት ነውን? ጻድቁ ኢዮብ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ጠይቋል፤ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በኢዮብ ላይ ሳይሆን ቸኩለው በፈረዱበት ባልንጀሮቹ ላይ ነው።

የቅዱስ ቶማስንም ነገር እናስብ። በትንሣኤው ዕለት ማታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አልነበረም። ሲነግሩት አላመነም። እነርሱ ግን «ተጠራጣሪ ነህ» ብለው አላስወጡትም። በስምንተኛው ቀን ጌታ ዳግመኛ ሲገለጥ ቶማስ በቤቱ ውስጥ አብሯቸው ተገኝቷል። ዳግም ትንሣኤን በየዓመቱ ስናከብር፣ ቶማስን እስከዚያ ቀን ያቆየውን የወንድሞቹን ትዕግሥትም ማሰብ ይገባናል። የሚጠራጠር ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት ቤት ያስፈልገዋል። ለቆሰለው ሰው ረጅም ስብከት አናብዛበት። ሄደን አጠገቡ እንቀመጥ፤ እንጀራውን እንካፈል፤ በስሙ እንጥራው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሣ የከፋ አለማመን አለ፤ እርሱም ጥላቻ ነው። የማያየውን እግዚአብሔርን እወድዳለሁ እያለ የሚያየውን ወንድሙን የሚጠላ ሰው ሐሰተኛ እንደ ሆነ ሐዋርያው ቅዱስ ዮሐንስ አስተምሯል። በቅዳሴ ላይ ቆሞ፣ ጾሙን ጠብቆ፣ በልቡ ግን የሌላውን ብሔረሰብ ጥፋት የሚመኝ ሰው ከታንኳው ጋር ርቆ ሄዷል፤ በዳር የቀረው ገመዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መዘናጋት ከሌላው ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል፤ የሚጦም ሰው ነውና ማንም «ጠፋ» አይለውም። ካህናት አባቶች ሆይ፣ በኑዛዜ ጊዜ ስለ መብልና ስለ መጠጥ የምትጠይቁትን ያህል ስለ ጥላቻም ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በየአጥቢያችን በዚህ ሩብ ዓመት ልንጀምራቸው የምንችላቸውን ነገሮች ላስታውስ።

ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዐዋዲው መሠረት ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድነት የያዘ ነው። ስለዚህ እረኛውም መንጋውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉ። በየወሩ ስብሰባ ከገቢና ከወጪ ሪፖርት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ «በዚህ ወር ያላየነው ማን ነው?» እያንዳንዱ ካህን የንስሐ ልጆቹን ስም ዝርዝር ይዞ ይምጣ። ኀጢአቱ በኑዛዜ ምስጢር የተጠበቀ ነው፤ መቅረቱ ግን ምስጢር አይደለም። ስሙ ከተጠራ በኋላ የሚጎበኘው ሰው ይወሰን፤ በሚቀጥለው ወርም ጎብኚው ይጠየቅ።

አዲስ የመጣ ምእመን ሦስት ወር ሳይሞላው የንስሐ አባት ይኑረው። ይህ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚገባ አገልግሎት ነው። በመሥሪያ ቤቱ፣ በካምፑ፣ በእርሻው ሄደው አዲስ ሰው መምጣቱን ይወቁ። ከአገሩ የመጣውን ሰው «ስመለስ» ሳይል «ዛሬ» እንዲል የሚያደርገው በሩን የሚያንኳኳ ወንድም ነው።

ከዚህ ምድር ልጆች መካከል አገልጋይ እናፍራ። ልጁን ወደ አብነት ትምህርት ቤት መላክ ብቻ አይበቃም፤ ቤተሰቡን ማገዝ፣ ስንቁን መያዝ፣ ተመልሶ የሚያገለግልበትን ቦታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አንድ አጥቢያ ብቻውን ባይችል፣ ሦስት አጥቢያዎች ተባብረው አንድ ልጅ ማስተማር ይችላሉ። የኑብያ መልእክተኞች ርቀው የሄዱት ከገዛ ልጆቻቸው መካከል የሚተካ ካህን ስላልቀረላቸው ነው።

ካህኑንም እንጠብቅ። በሩቅ ቀበሌ፣ በበረሃው ሙቀት፣ ብቻውን የሚያገለግል ካህን አለ። ደመወዙ ይዘገያል፤ የሚቀድስበት ልኡክ ያጣል፤ የሚያናግረው የአገልግሎት ባልንጀራ የለውም። የእርሱን ንስሐ የሚቀበለው ማን ነው? ሲታመም የሚጠይቀውስ? እረኛው ሲወሰድ መንጋው ተከትሎት ይወሰዳል። በአንድ ወረዳ ያሉ ካህናት ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ ተገናኝተው አብረው ይጸልዩ፤ ይመካከሩ፤ እርስ በርሳቸውም ይናዘዙ።

በመጨረሻም ስለ ልማትና ተራድኦ ሥራችን አንድ ነገር ልበል። ለስደተኛው የሚሰጠው ትምህርትም ሆነ ለተጠማው የሚቀዳው ውኃ ለሰው ሁሉ ያለ ልዩነት የሚቀርብ ነው፤ እምነትን መግዣ ሊሆን ከቶ አይገባም። ነገር ግን ሥራውን የምንሠራው እኛ ለማን ብለን እንደምንሠራ መርሳት የለብንም። ሪፖርቱ ተሟልቶ፣ በጀቱ ተወራርዶ፣ ጸሎቱ ከቀረ፣ እኛም እጃችን እየሠራ ልባችን ተወስዷል። የጠዋቱን ሥራ በጸሎት የሚጀምር ሠራተኛ፣ በእሑድም ከተረዳው ሕዝብ ጋር አብሮ የሚቆም የኮሚቴ አባል ያስፈልገናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልጁን ይዞ ወደ ጌታችን የመጣው አባት እምነቱንም አለማመኑንም በአንድ እስትንፋስ ተናዝዞ ለአለማመኑ እርዳታ ለመነ፤ ጌታችንም አልመለሰውም። እኛም ሙሉ እምነት ይዘን እንደ መጣን አናስመስል። ያለንን ይዘን፣ የጎደለንን ተናዝዘን፣ አጠገባችን ያለውን እጅ ይዘን እንቁም። ከዚህ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ ለረጅም ጊዜ ያላያችሁትን የአንድ ሰው ስም በልባችሁ ያዙ። ሳምንቱ ሳያልፍ ቤቱ ሂዱ። የኑብያ ሰዎች ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ የዚህ ሰው ጥያቄ ግን ዛሬ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

አምላካችን ልባችንን ከአለማመን፣ አንደበታችንን ከክፉ ፍርድ፣ መንጋውን ከመበተን ይጠብቅልን። ለክልላችንና ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።